ሙሴ ነርሲስ ናልባንዲያን፤ በአንድ መሣሪያ ያልተወሰኑት መምህር

በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ታሪካቸውን ልናካፍላችሁ የመረጥናቸው ሰው ሙሴ ነርሲስ ናልባንዲያን ይባላሉ። በአዲስ አበባ የሙዚቃ ሰዎች ዘንድ ይህን ስም የማያውቅ የለም ማለት ይቻላል። እዚህ አሽዶድ ተወልዶ ላደገ ልጅ ግን ስሙ አዲስ ቢሆንበት አይገርመንም። እናቶቻችንና አባቶቻችን ግን ሰውየውን ባያውቋቸውም ድምፁን ያውቁታል። ያ በሬዲዮ ይሰማ የነበረው፣ ጥሩምባውና ሳክስፎኑ እየተቀባበሉ ከዘፋኙ ኋላ የሚያጅቡት የድሮ የኦርኬስትራ ሙዚቃ ያለ መምህር አልተፈጠረም። ከመምህሮቹ አንዱና ዋነኛው እኚህ ሰው ነበሩ።

የመረጥናቸው ዘፋኝ ስለነበሩ አይደለም። ቡድን ያስተምሩ ስለነበር ነው። አንድን ልጅ አንድ መሣሪያ ማስተማር አንድ ነገር ነው፤ አሥራ አምስት ሰው፣ አሥራ አምስት መሣሪያ ይዞ ሲቀመጥ አንድ ላይ እንዲጫወት ማድረግ ግን ሌላ ሙያ ነው። ይኼ ሙያ ለማኅበራችንም ለልጆቻችንም የሚያስፈልግ ሆኖ ስላገኘነው ነው ታሪካቸውን የጻፍነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የስም ነገር

እዚህ አገር ላደገ ልጅ ሙሴ ሲባል ቶሎ የሚመጣለት ሞሼ ራቤኑ ነው። የእኚህ ሰው ሙሴ ግን ከዚያ አይደለም። በድሮዋ አዲስ አበባ ከውጭ የመጣ ባለሙያ፣ ሐኪምም ይሁን መካኒክ ወይም መምህር፣ ሙሴ እገሌ ተብሎ ይጠራ ነበር። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ነው፤ አቶ እንደ ማለት ነው።

ናልባንዲያን የሚለው የአባት ስም ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ይቀርበናል። ናልባንድ ማለት በቱርክኛ ለፈረስ ኮቴ ብረት የሚመታ አንጥረኛ ነው። በአርመን ስም መጨረሻ ላይ የምትገባው ያን ደግሞ ትውልድን ታመለክታለች። እንግዲህ ናልባንዲያን ማለት የአንጥረኛው ዘር ማለት ነው። የእኛም አያቶች በጎንደርና በስሜን ማረሻና ማጭድ የሚቀጠቅጡ፣ ሸክላ የሚሠሩ ባለእጆች ነበሩ። ሥራቸውን የሚፈልገው ጎረቤት ሁሉ ሙያቸውን ሲንቅባቸው ኖረዋል። በዚያው አገር የአዝማሪም ዕጣ ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ ያለ እሱ ሠርጉ አይደምቅም፣ ልጄን ለአዝማሪ እድራለሁ የሚል ግን አይገኝም። ይህን እዚህ ላይ ማንሳታችን ያለ ምክንያት አይደለም። የነርሲስ ሕይወት አንድ ትልቅ ክፍል ሙዚቃን ከዚያ ንቀት አውጥቶ እንደ ማንኛውም ትምህርት በሰሌዳና በደብተር የሚማሩት ሙያ ማድረግ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ኢየሩሳሌም ነው

የነርሲስን ታሪክ ለመጀመር መጀመሪያ ወደ አጎታቸው፣ ወደ ኬቮርክ ናልባንዲያን መሄድ አለብን። እሱም የሚወስደን ወደ ኢየሩሳሌም ነው፤ ከአሽዶድ በአውቶቡስ ደርሰን የምንመለስበት ከተማ።

በ1924 ዓ.ም. በጸደይ ወራት የያኔው አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን፣ በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ፣ ወደ አውሮፓ በሚያደርጉት ጉዞ መንገድ ላይ ኢየሩሳሌምን ጎበኙ። በአሮጌው ከተማ በአርመኖች ሰፈር ከእልቂቱ የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች ይኖሩ ነበር። እነዚህ ልጆች የናስ መሣሪያ ተምረው የማርሽ ቡድን አቋቁመው ነበርና ለእንግዳው ተጫወቱላቸው። ራስ ተፈሪ በጣም ስለወደዷቸው ከአርመን ፓትርያርክ ጋር ተነጋግረው አርባውን ልጆች ወደ ኢትዮጵያ ለመውሰድ ስምምነት አደረጉ። ልጆቹ ከመምህራቸው ከኬቮርክ ጋር በዚያው ዓመት በመስከረም ወር መጀመሪያ አዲስ አበባ ገቡ። እስከ ዛሬም ድረስ በኢትዮጵያ የሙዚቃ ታሪክ ውስጥ የሚታወቁት አርባ ልጆች በሚለው ስም ነው።

የናስ መሣሪያ ለኢትዮጵያ ያኔ አዲስ አልነበረም። ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ የተላኩ ጥሩምባዎች ለዐፄ ምኒልክ ደርሰው፣ ቤተ መንግሥቱ የማርሽ ቡድን ነበረው። የአርባ ልጆች መምጣት ግን ነገሩን ከፍ አደረገው። ኬቮርክ ልጆቹን ከማስተማርም አልፈው በዚያን ጊዜ የተፈሪ ማርሽ የተባለውን፣ ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ የሚለውን የብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። በ1930 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ላይ የተሰማው ይኸው መዝሙር እስከ አብዮቱ ዘመን ድረስ የአገሪቱ መዝሙር ሆኖ ቆይቷል። ወላጆቻችን በየትምህርት ቤቱ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል የዘመሩት፣ ከኢየሩሳሌም ከወላጅ አልባ ልጆች ጋር የሄደ ሰው የደረሰውን ዜማ ነበር ማለት ነው።

ከአይንታብ እስከ አዲስ አበባ

ነርሲስ የተወለዱት በ1915 ዓ.ም. ዛሬ ጋዚያንቴፕ በምትባለው የቱርክ ከተማ፣ ያኔ አይንታብ በነበረችው ነው። ዓመቱን ልብ በሉት። በኦቶማን መንግሥት አርመኖች ከየቤታቸው እየተነዱ በበረሃ ያለቁበት የመከራ ዓመት ነው። ቤተሰባቸው እንደ ብዙዎቹ ወደ ደቡብ ተሰድዶ በሶርያ ሃሌብ ተቀመጠ፤ ነርሲስም ያደጉት እዚያ ነው። ሃሌብ ያኔ በስደተኛ የተሞላች፣ ግን ትምህርት ቤትና መዘምራን ያላት ከተማ ነበረች። የተሰደደ ሕዝብ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ አርመኖችም ድንኳኑ ሳይነቀል ገና ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ከፈቱ፣ መዝሙራቸውን አስተማሩ። ሱዳን ውስጥ በመጠለያ የቆዩ ወላጆቻችን ይህን ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። ነርሲስ ሙዚቃን የተማሩትም፣ ገና በወጣትነታቸው መምራትና ማስተማር የጀመሩትም በዚሁ ከተማ ነው።

በ1938 ዓ.ም. አጎታቸው ኬቮርክ ወደ ኢትዮጵያ ጠሯቸው። ጊዜው ጣልያን አገሪቱን የያዘበት ክፉ ጊዜ ነበር። የሃያ ሦስት ዓመቱ ወጣት አዲስ አበባ ገብተው በአርመን ማኅበረሰብ ውስጥ ማስተማር ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን ሙሉ፣ ወደ አርባ ዓመት ገደማ፣ ከዚያች ከተማ አልወጡም። ነጻነት ተመልሶ ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲገቡ ሥራው በረከተ። የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት፣ የማዘጋጃ ቤት እየተባለ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን የሙዚቃ ክፍል ማቋቋም ፈለገ። ዛሬ ሙዚቀኛ የራሱን ባንድ ያቋቁማል፤ ያኔ ግን መሣሪያውም የመሥሪያ ቤቱ፣ ደመወዙም ከመሥሪያ ቤቱ ነበር። መሣሪያ ከውጭ ተገዝቶ በሣጥን ይመጣል፤ ተጫዋቹ ግን በሣጥን አይመጣም። አንድ ሰው ተቀምጦ ማስተማር አለበት። ነርሲስ በ1940ዎቹ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን ኦርኬስትራ ተረክበው የመሩት በዚህ ሁኔታ ነው።

ቡድን ለማስተማር አንድ መሣሪያ አይበቃም

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። ነርሲስ ብዙ መሣሪያ የሚጫወቱ፣ መዘምራን የሚመሩ፣ ዜማ የሚደርሱ፣ የሚያቀናብሩና የሚያስተምሩ ሰው ነበሩ። ይኼ ሁሉ በአንድ ሰው ላይ የተከማቸው ለታይታ አይደለም። ሥራው ራሱ ነው ያስገደደው።

እስቲ አንድ ክፍል በዓይነ ሕሊናችን እንይ። ፊት ለፊት ሦስት ጥሩምባ፣ ከኋላ ሁለት ትሮምቦን፣ በጎን ክላርኔትና ሳክስፎን፣ ጥግ ላይ ከበሮ፣ ኮንትራባስና ፒያኖ አሉ። አብዛኞቹ ተማሪዎች ኖታ አይተው አያውቁም፤ መሣሪያውንም የጨበጡት በቅርቡ ነው። መምህሩ ቫዮሊን ብቻ የሚያውቅ ቢሆን ዜማውን ተጫውቶ ያሰማቸዋል፤ ግን ለጥሩምባ ነፊው ከንፈሩን እንዴት እንደሚያጠብቅ፣ ለክላርኔት ተጫዋቹ ድምፁ ለምን እንደጮኸበት ሊነግረው አይችልም። ትሮምቦን ቁልፍ የለውም፤ ዘንጉ የት ላይ መቆም እንዳለበት ጆሮ ነው የሚፈርደው። ሳክስፎን ደግሞ ቁልፍ የሞላበት ነው። የእያንዳንዱ ጠባይ ሌላ ነው።

ሌላም ነገር አለ። መሣሪያዎቹ ዶ ሲባሉ ሁሉም አንድ ዶ አያሰሙም። ጥሩምባና ክላርኔት የሲ ቤሞል መሣሪያዎች ናቸው፤ ተጫዋቹ ወረቀቱ ላይ ዶ አይቶ ሲነፋ ፒያኖው ላይ የሚገኘው ድምፅ ሲ ቤሞል ነው። አልቶ ሳክስፎን ደግሞ ዶውን ሲነፋ የሚሰማው ሚ ቤሞል ነው። እንግዲህ መምህሩ ሁሉንም በአንድ ቃል ከዶ ጀምሩ ቢላቸው ጆሮ የሚጠልዝ ጩኸት ይወጣል። ለእያንዳንዱ መሣሪያ የየራሱን ኖታ ቀይሮ መጻፍ አለበት። ፎቶ ኮፒ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ይኼ ማለት ሌሊት በመብራት ቁጭ ብሎ በእጅ መገልበጥ ማለት ነው።

ለመዘምራን ደግሞ ሌላ መሣሪያ ያስፈልጋል። ጥሩምባ የሚነፋ መምህር እየነፋ መዘመር አይችልም፤ አፉ ተይዟል። ፒያኖ ወይም አኮርዲዮን የሚጫወት ግን በአንድ እጁ ዜማውን፣ በሌላው አጃቢውን እየያዘ በአፉ ቃሉን ይሰጣል። አኮርዲዮን በተለይ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ትከሻ ላይ አንግተውት ከክፍል ወደ ክፍል ይሄዳሉ፣ ፊትንም ወደ ልጆቹ አዙሮ ለመቆም ያመቻል። እንዲህ ያለው ትንሽ ነገር ነው ቡድን ማስተማርን የሚያሳምረው ወይም የሚያበላሸው።

ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር አለ። ቡድን የሚያስተምር ሰው በሁለተኛውና በሦስተኛው መሣሪያ ላይ የዓለም አንደኛ መሆን አይጠበቅበትም። ግን ጀማሪው የሚቸገርበትን ቦታ በራሱ ጣት፣ በራሱ ከንፈር ማወቅ አለበት። በመጀመሪያው መሣሪያችን ጎበዝ ከሆንን ቆየት ስላልን፣ መጀመሪያ ላይ ምን ከብዶን እንደነበር ረስተነዋል። ሁለተኛ መሣሪያ ስንጀምር እንደገና ከታች እንቀመጣለን። ያ መቀመጥ ነው መምህር የሚያደርገን።

ቴአትር ቤቱና የአምስቱ ድምፅ ነገር

በ1955 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ሃያ አምስተኛ ዓመት ሲከበር በአዲስ አበባ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው ነው። ኦርኬስትራውን በመጀመሪያ የመሩት ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ዜልቬከር ነበሩ፤ ከእርሳቸው በኋላ ሥራው ወደ ነርሲስ ዞረ። እዚህ ቤት ተውኔት ይታያል፣ ዘፋኝ ይዘፍናል፣ ኦርኬስትራው ደግሞ ሁሉንም ያጅባል። ነርሲስ የኢትዮጵያን ዜማ ለትልቅ ኦርኬስትራ ማቀናበር ላይ የደከሙት በዚህ ዘመን ነው።

ድካሙ ምን እንደሆነ ሙዚቃ ላልተማረውም እንዲገባ አድርገን እናስረዳ። የኛ ቅኝቶች፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ በአምስት ድምፅ የተሠሩ ናቸው። የአውሮፓው ግን ሰባት ድምፅ አለው፤ አጃቢውን የሚሠራውም ሦስት ሦስት ድምፅ እየደራረበ ነው። ትዝታን በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብንይዘው ፋና ሲ የሉም። ዶ ላይ ዶ፣ ሚ፣ ሶል ብሎ መደረብ ይቻላል። ሬ ላይ ግን የአውሮፓው ሥርዓት ሬ፣ ፋ፣ ላ ይላል፤ ፋ ደግሞ በትዝታ ቤት ውስጥ የለችም። አቀናባሪው ዝም ብሎ ፋን ቢያስገባ ሙዚቃው ይሞላል፣ ትዝታነቱ ግን ይጠፋል። ባያስገባ ደግሞ አሥራ አምስቱ ሰው ሁሉ አንድ ዜማ ብቻ ሲጫወት ያድራል። በዚህ መካከል መንገድ ማግኘት ነው ትልቁ ጥበብ። ነርሲስ ከውጭ የመጡ ሆነው ሳለ የአገሩን ቅኝት ጣዕም ሳያጠፉ ለብዙ ድምፅ ለማቀናበር መጣራቸው ነው ስማቸውን እስካሁን ያቆየው።

ይህ ትምህርት ወደ ተማሪው ሲወርድ ምን እንደሚሠራ ለማየት አንድ ምሳሌ እንጥቀስ፤ ሳክስፎኒስቱን ጌታቸው መኩሪያን። ጌታቸው በልጅነቱ የጀመረው በክራርና በማሲንቆ ነበር። ከዚያ ወደ ክላርኔትና ሳክስፎን ዞረ። በ1940ዎቹ መጨረሻ በማዘጋጃ ቤቱ ኦርኬስትራ፣ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በቴአትር ቤቱ ተጫወተ፤ ሁለቱም ነርሲስ የሠሩባቸው ቤቶች ናቸው። ኋላ ጌታቸው ሽለላውንና ፉከራውን፣ ሰው በጉሮሮው የሚያሰማውን የጀግና ጩኸት፣ በሳክስፎን አወጣው፤ ስሙም ከኢትዮጵያ አልፎ አውሮፓ ደረሰ። የመጀመሪያው መሣሪያ በሁለተኛው ውስጥ አልጠፋም፤ እንዲያውም በሁለተኛው ውስጥ ሆኖ ጮኸ።

አገር ማለት ወረቀት ነው ወይስ ሥራ?

የነርሲስ ሕይወት ደስታ ብቻ አልነበረበትም። ከአገሩ የተፈናቀለ አርመን አገር አልባ ነበር፤ የትውልድ ከተማው ወደማይመለስበት ቦታ ተለውጧል፣ የያዘው ወረቀትም የማንም ዜጋ አያደርገውም። ነርሲስ ብዙ ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርተው በኋላ የኢትዮጵያ ዜግነት አገኙ። ወረቀቱ ግን ሁሉንም በር አልከፈተም።

በግንቦት 1963 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ተመሠረተ። ለዚህ ታሪካዊ ቀን ነርሲስ ስለ አፍሪካ የሚዘምር የመዘምራን ሥራ ደረሱ። የአህጉሩ መዝሙር ይሆናል ተብሎ ታስቦ ሳለ፣ የደራሲው ትውልድ ከውጭ መሆኑ እንቅፋት ሆኖበት ሳይጸድቅ ቀረ። ሃያ አምስት ዓመት ያህል የአገሩን ልጆች ያስተማረ ሰው፣ ቀኑ ሲደርስ ባዕድ ተባለ።

ይህን ስናነብ ብዙዎቻችን ሌላ ነገር ትዝ ይለናል። ኢትዮጵያ ውስጥ ወላጆቻችን ፈላሻ እየተባሉ እንደ መጻተኛ ተቆጠሩ። ኢየሩሳሌምን ብለው እዚህ ሲደርሱ ደግሞ አይሁድነታቸው ተጠየቀ። አንዳንድ ወጣቶቻችን በዚህ ቅር ተሰኝተው ከሁሉም ነገር ይርቃሉ፤ ካልፈለጉኝ ለምን እደክማለሁ ይላሉ። ቅሬታው እውነት ነው፤ ማንም ሐሰት ነው ሊላቸው አይገባም። ግን ነርሲስ ምን አደረጉ? በማግስቱም ሄደው አስተማሩ። መዝሙራቸው ባይጸድቅም ተማሪዎቻቸው ነበሩ። ያንን ማንም ኮሚቴ ሊሰርዘው አልቻለም። የናልባንዲያንን ስም ከኢትዮጵያ ሙዚቃ ላውጣ የሚል ሰው ቢነሳ ግማሹን ታሪክ አብሮ ማውጣት ሊኖርበት ነው።

ያሬድ ትምህርት ቤትና የመጨረሻው ዘመን

በ1960ዎቹ በአዲስ አበባ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ስሙም በስድስተኛው መቶ ዘመን ዜማን ሥርዓት አስይዘዋል በሚባሉት በቅዱስ ያሬድ ተሰየመ። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ኢትዮጵያዊው የሙዚቃ ሊቅ አሸናፊ ከበደ ነበሩ። ነርሲስም በዚህ ትምህርት ቤት አስተምረዋል። ከመሥሪያ ቤት ባንድ ወደ ትምህርት ቤት መሸጋገሩ ቀላል ነገር አይደለም። ባንዱ ሲፈርስ ሙያው አብሮ ይፈርሳል፤ ትምህርት ቤት ግን መምህር ያፈራል፣ መምህሩ ሌላ መምህር ያፈራል።

በ1974 ዓ.ም. አብዮቱ መጣ። የአጎታቸው መዝሙር ከአገልግሎት ወጣ፣ ቴአትር ቤቱ ስሙን ቀየረ፣ ከተማዋ ሌላ ሆነች። ነርሲስ በ1977 ዓ.ም. በስድሳ ሁለት ዓመታቸው በዚያችው በአዲስ አበባ አረፉ።

የጻፏቸው ኖታዎች ግን አልሞቱም። ኢትዮፒክስ የተባለውን የድሮ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ስብስብ ያወጣው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ስለ እርሳቸው ብዙ ጽፏል። ኢዘር ኦርኬስትራ የተባለ የቦስተን የጃዝ ቡድንም ሥራዎቻቸውን ከወረቀት አንሥቶ እንደገና ተጫውቷቸዋል። በእጅ የተገለበጠ ኖታ ከደራሲው በላይ ዕድሜ እንዳለው ከዚህ እናያለን።

ይኼ ለኛ ለአሽዶዶቹ ምን ይለናል?

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ልጆቻችን በማትናስ ሖግ፣ በትምህርት ቤት ሐሊሊት፣ በቤት ጊታርና ኦርጋን ይማራሉ። ጥሩ ነው። ግን አብዛኞቹ ለብቻቸው ይማሩና ለብቻቸው ያቆማሉ። ለታናናሾቻቸው ቡድን ማስተማር የሚችል ወጣት ስንፈልግ ነው የሚጎድለን። አንድ መሣሪያ የሚችል አናጣም፤ አሥር ልጅ አስቀምጦ አብሮ የሚያስጀምር፣ አብሮ የሚያስቆም ግን እንፈልጋለን። እሱ ካልተገኘ መምህር ሁልጊዜ ከውጭ ይመጣል፣ የበጀቱ ቀን ሲያልቅም ይሄዳል።

ከተማችን ራሷ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አላት። የእስራኤል አንዳሉሲያ ኦርኬስትራ በ1994 ዓ.ም. እዚሁ አሽዶድ ተቋቁሞ በ2006 ዓ.ም. የእስራኤልን ሽልማት አግኝቷል። በዚህ ኦርኬስትራ ከሶቪየት ኅብረት የመጡ፣ በአውሮፓ ክላሲክ ያደጉ ሙዚቀኞች ከሞሮኮ ፓይታኒም ጎን ተቀምጠው አዲስ ቋንቋ ተማሩ። በእጃቸው የነበረው ቫዮሊን ያው ነው፤ ጆሮአቸው ግን እንደ ገና ትምህርት ቤት ገባ። ሁለተኛ መሣሪያ መማር ማለት አንዳንዴ ይኼም ነው።

በራሳችን ቤትም ብዙ አለ። ኬሶቻችን ጸሎት ሲያደርሱ አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይቀበላል፤ በበዓል ነጋሪቱና መጥቄው ይታከልበታል። ይህ ወረቀት የሌለው፣ በጆሮ ብቻ የሚተላለፍ የቡድን ትምህርት ነው። ማሲንቆና ክራር የሚያውቁ አባቶችም በየሰፈሩ አሉ፤ ዕድሜያቸው ግን እየገፋ ነው። ጊታር የሚችል ልጅ ክራር ለመጀመር ከዜሮ አይነሣም፤ ቀኝ እጁ መምታት ያውቃል። ግራ እጁ ግን አዲስ ነገር ይጠብቀዋል። ጊታር ላይ ክሩን ተጭነን ድምፁን እንቀይራለን፤ ክራር ላይ ግን ክሩ ክፍት ነው፣ ግራ እጅ የማይፈለገውን ክር እየነካ ዝም ያሰኛል። ሐሊሊት የተማረች ልጅ ደግሞ ሳክስፎን ስትይዝ የጣቷ ቦታ የተወሰነው ተመሳሳይ ሆኖ ታገኘዋለች። ከበሮ ለመማር የሚፈራ የለም፤ ቡድንን በልክ የሚይዘው ግን እሱ ነው።

ስለዚህ ለወጣቶቻችን የምንመክረው ቀላል ነው። የመጀመሪያ መሣሪያችሁን አትተዉ። ሁለተኛውን ስትመርጡ ግን የምትወዱትን ብቻ ሳይሆን ቡድኑ የጎደለውን እዩ። ሁሉም ጊታር ከያዘ ከበሮ ወይም ኪቦርድ ተማሩ። ሁለት ልጅ ይዛችሁ ጀምሩ፤ ሁለቱ አብረው ሲቆሙ አራት አድርጉ። የቸገራችሁን ቦታ በደብተር ጻፉት፤ ነገ ለተማሪያችሁ የምትነግሩት እሱን ነው።

ወላጆችም አንድ ነገር አደራ እንላለን። ልጁ ጊታር ችሎ ሳለ ደግሞ ክራር ልጀምር ሲል ሐሳቡ ተበተነ ብላችሁ አትቆጡት፤ ገንዘብም ባከነ አትበሉ። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ለምን ፈለግከው ብላችሁ ጠይቁት። ለታናሾቼ ላስተምርበት ካላችሁ የያዘው ጨዋታ አይደለም፤ ሙያ ነው። በአያቶቻችን ጊዜ ባለእጅ ይናቅ ነበር። የፈረስ ኮቴ መቺው ዘር ግን አንድ አገር ሙሉ በአንድ ላይ እንዲጫወት አስተምሯል፤ የቀጥቃጭ የልጅ ልጆችም ይህን ለማድረግ የሚያንሳቸው ነገር የለም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ አባቶቻችን። ድሩን የሚያሳብረው ግን የሚፈትል እጅ ነው። በሚመጣው ዓመት በማኅበራችን በዓል ላይ ልጆቹን ከፊት ቆሞ የሚመራው ከራሳችን ወጣቶች አንዱ ወይም አንዷ እንዲሆኑ ተስፋችን ነው።